የሰው አልባ ትንንሽ አይሮፕላኖች ታሪክና የአየር ፎቶግራፍ ንባብ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲታይ

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ የወገራን ደጋ ሲወጣ አምባ ጊዮርጊስን ያገኛል። ከዚያ ዳባትን፣ ከዳባትም በኋላ ደባርቅን አልፎ የስሜንን ተራሮች ከፊት ለፊቱ ያያል። ከነዚህ ወረዳዎች ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሚመጡ ዕጩ መምህራን «ድሮን» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚለወጥ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በክፍል ውስጥ ደጋግሞ ተመልክቷል። ቃሉ ለእነርሱ የአንድ መሣሪያ መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ የሥጋት መጠሪያም ነው።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጦርነቱ እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። በዚያው ጦርነት በሌሎች ግንባሮች የታጠቁ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ተሰልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም በአይሮፕላኖቹ ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል መምህራን፣ መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ አስታውቋል። ስለሆነም አንድ መምህር ስለ ሰው አልባ አይሮፕላን ለማስተማር ወደ ክፍል ሲገባ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ከእርሱ አስቀድሞ ነገሩን በሌላ መልክ የተማሩ ሊኖሩ እንደሚችሉ ማወቅ ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ትዝታ ለማስተባበል ወይም ለማለዘብ አይደለም። ዓላማው ከትዝታው ጎን ታሪክን ለማቆም ነው። የታጠቁት ትላልቅ አይሮፕላኖች ከረጅም ዝርያ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ናቸው። ከዚያው ግንድ የወጡ፣ በአንድ ሰው ክንድ ተወርውረው የሚነሡ፣ ቋሚ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ አይሮፕላኖች ካርታ ያነሣሉ፣ ደም ያደርሳሉ፣ የእንስሳት በሽታ ለመከላከልም ተሞክረዋል። በዚህ ጽሑፍ ሊታይ የተፈለገው ዋና ነጥብ፣ በየዘመኑ በሰማይ የሚያልፈው ነገር ጥቅም ወይም ጉዳት የሚመዘነው በአይሮፕላኑ ረቂቅነት ብቻ ሳይሆን፣ በምድር ያለው ሕዝብ ከሰማይ የመጣለትን ለማንበብ ባለው ችሎታ ጭምር መሆኑ ነው። ይህን ችሎታ የሚሰጠውም ትምህርት ቤት ነው።

1. የስሙ አመጣጥ

«ድሮን» የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ንብ አርቢዎቻችን ድንጉላ የሚሉትን ወንድ ንብ የሚያመለክት ነው። ድንጉላ ማር አይሠራም፤ መንደፊያም የለውም። ስሙ ወደ አይሮፕላን የተዛወረበት ታሪክ እንደሚከተለው ነው።

ያለ አብራሪ የሚበር አይሮፕላን ለመሥራት የተደረገው ጥረት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። እንግሊዛዊው አርኪባልድ ሎው እ.ኤ.አ. በ1917 በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ አይሮፕላን ሞከረ። በዚያው ጦርነት አሜሪካውያን ተመሳሳይ ሥራ ጀምረው ነበር። ነገር ግን በብዛት ተሠርቶ በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ አየር ኃይልና የባሕር ኃይል ለመድፈኞች መለማመጃ ያዘጋጁት አይሮፕላን ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. በ1935 የበረረው «ኩዊን ቢ» ነው፤ ትርጉሙም አውራ ንብ ማለት ነው። መሬት ላይ የቆመ ሰው በሬዲዮ እያዘዘ ያበረዋል፣ መድፈኞችም ይተኩሱበታል። ከ400 በላይ ተሠርተዋል። በአውራ ንብ ስም የተጠራው መሣሪያ ብዙም ሳይቆይ ዝርያውን በሙሉ «ድንጉላ» አሰኘው ብለው ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ሰው አልባው አይሮፕላን ተኳሽ ሳይሆን የሚተኮስበት ነበር። መንደፊያ የሌለው ድንጉላ መባሉም ለዚያን ጊዜው ሥራው ተስማሚ ነበር። ዛሬ ልጆች ስሙን የሚያውቁት በንድፊያው መሆኑን ስናስብ፣ አንድ መሣሪያ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ጠባዩ እንደሚለወጥና ለውጡም ከሰው ፈቃድ እንጂ ከመሣሪያው እንዳልመጣ ማስተዋል እንችላለን።

2. በቤጌምድር ሰማይ የታየው የመጀመሪያው ወረቀት

አይሮፕላን ወደ አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አይሮፕላን ከጂቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አሳረፈ። ጥቂት ቆይቶም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

አይሮፕላን በገባ በስምንተኛው ወር ግን በአገር ውስጥ ጦርነት ላይ ዋለ። የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ ላይ በተነሡ ጊዜ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በተደረገው ውጊያ ሞቱ። ከውጊያው ቀናት አስቀድሞ አይሮፕላን በራስ ጉግሣ ጦር ላይ እያንዣበበ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በተነ፤ በውጊያው ቀን ደግሞ ቦምብ ጣለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመምህራን ልዩ ትርጉም ያለው ወረቀቱ ነው። የቤጌምድር ወታደር ከአይሮፕላን በመጀመሪያ የተቀበለው ነገር ጽሑፍ ነበር። ወረቀቱ በእጁ የገባ ወታደር ሁሉ ግን ሊያነበው አይችልም። ደብተራ ወይም ቄስ በአቅራቢያው ያገኘ ይነበብለታል፤ ያላገኘ በጭምጭምታ ይወስናል። ማንበብ ለማይችለው ሰው ከሰማይ የሚወርድ ማስጠንቀቂያና ከሰማይ የሚወርድ ጥፋት ልዩነታቸው የሚታወቀው ከሆነ በኋላ ነው። የአይሮፕላን ታሪካችን ሀ ብሎ ሲጀምር የማንበብን ጥያቄ ይዞ እንደ ጀመረ ልብ ማለት ይገባል።

3. የ1928 ዓ.ም. ሦስት ገጽታዎች

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አለፈና የኢጣሊያ ወረራ መጣ። በ1928 ዓ.ም. ከአይሮፕላን ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተፈጽመዋል። ሦስቱንም አጣምሮ ማስተማር ጠቃሚ ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ጥፋቱ ነው። በራስ እምሩና በደጃዝማች አያሌው ብሩ የሚመራው ጦር በሽሬ ግንባር ጠላትን አስጨንቆ በነበረበት በታኅሣሥ ወር፣ የኢጣሊያ አይሮፕላኖች በተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ ጣሉበት። በዚህ ጦር ውስጥ ከስሜንና ከወገራ የዘመቱ ብዙዎች ነበሩ። የአካባቢው ሕዝብ አይሮፕላንን በክፉ ማወቅ የጀመረው እንግዲህ ትናንት አይደለም።

ሁለተኛው ሥራው ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሉድቪግ ቬበር የተባለ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አገልግሎት ላይ የነበረ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ አበረረ። በኋላ ፀሐይ በሚለው ስም የታወቀችው ይህችው ናት። ወራሪው ከተማይቱን በያዘ ጊዜ አይሮፕላኒቱ ተወስዳ በኢጣሊያ አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆየች። ወደ አገርዋ የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ፀሐይ ስትወሰድ የሄደው እንጨት፣ ሸራና ሞተር ብቻ አልነበረም፤ ገና በመጀመር ላይ የነበረው የሠራተኞች ልምምድ አብሮ ተቋረጠ። የአንድ ሙያ ክር ሲበጠስ መልሶ ለመቀጠል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ሦስተኛው ዓይኑ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ለጦርነትና ለካርታ ሥራ ሲሉ ሰፊ የአገራችንን ክፍል ከአየር ላይ ፎቶግራፍ አነሡ። በዚያን ጊዜ ከላይ የሚያየው ባዕድ፣ ከታች የሚታየው ባለ አገር ነበር። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም።

4. በመጋዘን የቆየው መዝገብ

እነዚያ ፎቶግራፎች በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ክምችት ውስጥ ቀሩ። ለአሥርት ዓመታትም የነካቸው አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ፣ የመቀሌ ዩኒቨርስቲና በቤልጅግ የሚገኘው የጌንት ዩኒቨርስቲ ባለሙያዎች ተባብረው ሲያወጧቸው 8,281 ሰሌዳዎች ተገኙ። በየሰሌዳው ላይ በቀጥታ ወደ ታች የተነሣና በአግድም የተነሡ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ፎቶግራፎቹ ጠቅላላ ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ ይበልጣል።

ለወረራ የተነሣው ፎቶግራፍ በዚህ መልክ ለተመራማሪው የመሬት ታሪክ መዝገብ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. የትኛው ተራራ ደን እንደ ነበረው፣ የትኛው ገደላ ገደል ገና እንዳልታረሰ፣ የትኛው ወንዝ ዳሩን እንዳልሸረሸረ ከዚያ ይነበባል። ለዚህ ተግባር ያበቃው የካሜራው ጥራት ብቻ አይደለም። ሰሌዳው ያው ሰሌዳ ነው፤ የተለወጠው የሚያነበው ሰው መምጣቱ ነው።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ሚስዮን አገሪቱን እንደገና ከአየር ማንሣት ጀመረ። በስሜን ተራሮች ደግሞ የስዊስ ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ዋልያ፣ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ መሬቱ አቀማመጥ ሰፊ ጥናት አካሂደው ካርታዎች አዘጋጅተዋል። ቦታው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ መዝገብ ወጣ።

በቅርቡም በአማራ ክልል የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ሲካሄድ፣ ከአየር የተነሣ ምስል በትልቅ ወረቀት ታትሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ወርዷል። ገበሬው ከጎረቤቱና ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላት ጋር በማሳው ላይ ቆሞ ድንበሩን በምስሉ ላይ አሳይቷል። ዛፉን፣ የድንጋይ ካቡንና የውኃ መውረጃውን ለይቶ «ይህ የእኔ ነው፣ ይህ የእርሱ ነው» ብሏል። ከአየር የሚነሣ ፎቶግራፍ በዘጠና ዓመት ገደማ ውስጥ ከወራሪ እጅ ወጥቶ የገበሬው የይዞታ ማስረጃ ለመሆን እንደ በቃ ይህ ያመለክታል።

5. የትንንሾቹ ቤተሰብ

እስካሁን የጠቀስናቸው የአየር ፎቶግራፎች የተነሡት ሰው በሚያበራቸው አይሮፕላኖች ነው። ይህ ሥራ አብራሪ፣ ማረፊያ ሜዳ፣ ብዙ ነዳጅና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ትንሹ ሰው አልባ አይሮፕላን ወደዚህ ሥራ የገባው ይህን ወጪ ለማስቀረት ነው።

ከመለማመጃነት ወደ ተመልካችነት የተደረገው ሽግግር በይበልጥ የታየው በእስራኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማስቲፍና ስካውት የተባሉ፣ ቋሚ ክንፍ ያላቸውና ሞተራቸው ከኋላ የሆነ ትንንሽ አይሮፕላኖች ካሜራ ተሸክመው ምስሉን በዚያው ቅጽበት ወደ ምድር ማስተላለፍ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች የተሠሩት ብዙዎቹ የእነርሱን አርአያ ተከትለዋል። ብሉበርድ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ደግሞ ማይክሮቢ፣ ስፓይላይትና ዋንደርቢ የተባሉ፣ በመጠን እየተበላለጡ የሚሄዱ የአንድ ቤተሰብ ትንንሽ አይሮፕላኖች ሠርቷል። ኢትዮጵያም ከኩባንያው ገዢዎች አንዷ እንደ ነበረች እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል።

በሳይንስ ረገድ ትልቁ ምልክት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ነው። ኤሮሶንድ የተባለ ለአየር ጠባይ ጥናት የተሠራ፣ ክብደቱ ወደ 13 ኪሎ ግራም፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር የሆነ አይሮፕላን ከካናዳ ጠረፍ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ በማቋረጥ ስኮትላንድ አጠገብ አረፈ። 3,270 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ጉዞ በ26 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲፈጽም የፈጀው ቤንዚን ከ6 ሊትር ያነሰ ነበር።

ይህን ያስቻለው የቋሚ ክንፍ ጠባይ ነው። በሽክርክሪት ብቻ የሚነሣው መሣሪያ በአየር ላይ ለመቆየት ክብደቱን በሙሉ በሞተር ጉልበት መሸከም አለበት። ባለ ቋሚ ክንፉ ግን ወደ ፊት ሲገሠግሥ ክንፉ ራሱ ያነሣዋል፤ ስለዚህ በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል። በስሜን ገደል አፋፍ ላይ የሚያንዣብበውን ጥንብ አንሣ ያየ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥንብ አንሣ ክንፉን ሳያርገበግብ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም፤ ለማረፍም ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ትንሹ አይሮፕላንም እንዲሁ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ ለሰላማዊ ሥራ በይበልጥ ትክክል ሆኖ መቅረቡ፣ ቀላል ባትሪ መገኘቱና ለእጅ ስልክ የተሠሩ ረቂቅ መሣሪያዎች ዋጋቸው መርከሱ የአይሮፕላኑን መጠን እጅግ አሳነሰው። ሰንስፍላይ የተባለው የስዊስ ኩባንያ የሠራው ኢቢ የተባለው አይሮፕላን ከአንድ ኪሎ ግራም ያነሰ፣ ክንፉ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ፣ በእጅ ተወርውሮ የሚነሣ የካርታ መሣሪያ ነው። በሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ድርጅት ባለ ቋሚ ክንፍ ትንንሽ አይሮፕላኖችን በማሰማራት መንገድ ወደሚያስቸግርባቸው ሆስፒታሎች ደም በጃንጥላ እየጣለ ማድረስ ጀምሯል። ሩዋንዳም እንደ ስሜን ተራራ የበዛባት አገር መሆንዋን ማስታወስ ይገባል።

6. ድንጉላውና የቆላ ዝንብ

በአገራችን ለሰላማዊ ተግባር ከተደረጉት ሙከራዎች ለክፍል ትምህርት የሚመረጠው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የተካሄደው ነው። የቆላ ዝንብ ከብቶችን ገንዲ በተባለው በሽታ ይጨርሳል፤ በሬ በሌለበትም እርሻ የለም። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ ዝንቡን ለማጥፋት ፕሮጀክት ተነድፎ፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት እርዳታ አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማርቢያ ተቋቋመ።

ዘዴው ወንድ ዝንቦችን በብዛት ማርባት፣ በጨረር ማምከንና በዱር መልቀቅ ነው። ሴቲቱ ዝንብ በአብዛኛው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትገናኝ፣ ከመከነው ጋር ከተገናኘች አትወልድም፤ ዘሩም እየተመናመነ ይሄዳል። ዝንቦቹን ሰው በሚያበረው አይሮፕላን መበተን ወጪው ከባድ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ ኤምቤንሽን የተባለ የስፔን ኩባንያ ያዘጋጀው ባለ ቋሚ ክንፍ ሰው አልባ አይሮፕላን ለዚህ ሥራ ተሞከረ። በድንጉላ ስም የሚጠራው አይሮፕላን ወንድ ዝንቦችን ተሸክሞ መውጣቱ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ለተማሪ ግን የማይረሳ ምሳሌ ይሆነዋል።

ይህ ሙከራ የሥነ ሕይወት፣ የሒሳብ፣ የጂኦግራፊና የግብርና ትምህርት በአንድ ጉዳይ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ያስገነዝባል። አይሮፕላኑ በስንት ሜትር ርቀት መስመር እየሠራ ይብረር? ዝንቡ በየትኛው ጥሻ ያርፋል? ይህን የሚመልሰው አይሮፕላኑ አይደለም፤ ወጥመድ ተክሎ ዝንቡን የሚቆጥረው የመስክ ሠራተኛ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ ስካይዊን ኤሮኖቲክስ ኢንዱስትሪስ የተባለው የሰው አልባ አይሮፕላኖች ፋብሪካ በአገር ውስጥ ተመርቋል። ፀሐይ በተመለሰች በዓመቱ ገደማ ማለት ነው። ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ፋብሪካ በአንድ ቀን ይመረቃል፣ በውስጡ የሚሠራውና ከእርሱ ውጭ ሆኖ ሥራውን የሚመዝነው ዜጋ ግን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ መዘጋጀት አለበት።

7. የደጋው አየርና የገደሉ ጥላ

ከውጭ አገር የሚመጣ መመሪያ ለአምባ ጊዮርጊስ ሁልጊዜ እንዳለ እንደማይሠራ ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ። ሦስቱም በክፍል ውስጥ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ አየሩ ስስ ነው። በ2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የክንፍ ማንሻ ኃይል ከአየሩ እፍጋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ አይሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱን በ15 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። በባሕር ጠረፍ በሰከንድ 10 ሜትር የሚበቃው አይሮፕላን በወገራ ደጋ 11.5 ሜትር ይፈልጋል። በጠረፍ ከእጅ ተወርውሮ የሚነሣው በደጋ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ መለኪያው በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ይለያያል። የካሜራው የትኩረት ርዝመት 152 ሚሊ ሜትር፣ የአይሮፕላኑ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 10,000 ሜትር ነው እንበል። 3,300 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ መለኪያው 1፡44,000 ያህል ሲሆን፣ 1,500 ሜትር ከፍታ ባለው ቆላ ላይ 1፡56,000 ያህል ይሆናል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት ማሳዎች በመሬት ላይ እኩል አይደሉም፤ የቆላው ይበልጣል። ይህን ሳያውቅ መሬት የሚለካ ሰው ሳያስበው የአንዱን ድርሻ ለሌላው ይሰጣል። በትንሹ አይሮፕላንም ችግሩ ያው ነው። ከገደሉ አፋፍ በ120 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቆላው ቢሻገር፣ የስሜን ገደል እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድበት ቦታ ስላለ፣ ከመሬቱ ያለው ርቀት በአንዴ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጥላው ያታልላል። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ካርታ እንደምንይዝ ሰሜኑን ወደ ላይ አድርገን ፎቶግራፉን ስናይ፣ ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት ገደሉ ጉብታ፣ ጉብታው ገደል መስሎ ይታየናል። በአንድ ክፍለ ጊዜ የስሜንን አፋፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለዕጩ መምህራን ሲታደል፣ በገደሉ ሥር ያደጉት ሳይቀሩ ሸለቆውን ተራራ ብለው አነበቡት። ከዳባት አካባቢ የመጣች አንዲት ሠልጣኝ ግን ወረቀቱን ዞር አድርጋ ጥላው ወደ እርስዋ እንዲወድቅ ካደረገች በኋላ «መምህር፣ ይኸ እኮ ውኃ የምንቀዳበት ቁልቁለት ነው!» አለች። ወረቀቱ አልተለወጠም፤ አያያዙ ተለወጠ። ክፍሉ በሙሉ ወረቀቱን አዞረ።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረቡ አሳቦች

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን አሳቦች ማቅረብ ይቻላል።

ሀ) ትምህርቱ አይሮፕላኑ እስኪገዛ መጠበቅ የለበትም። በአገራችን ሰው አልባ አይሮፕላንን ያለ ፈቃድ ማስገባትና ማብረር የተከለከለ ነው፤ ዋጋውም ለትምህርት ቤት ከባድ ነው። ነገር ግን የአንድ ቀበሌ የአየር ፎቶግራፍ ቅጂ፣ ማስመሪያና የወረቀት አይሮፕላን የትምህርቱን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ።

ለ) የአየር ፎቶግራፍ ንባብ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በጂኦግራፊ ብቻ ሳይወሰን በሒሳብና በአካባቢ ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርትም ውስጥ ቢገባ ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ከውጭ አገር ሄሊኮፕተርና የእሳት ባለሙያዎች እስኪመጡለት ድረስ አሳስቦን ነበር። እንዲህ ያለውን አደጋ ቀድሞ ለማየት የሚረዳ መሣሪያ ነገ ቢመጣ፣ ምስሉን ተመልክቶ የትኛው ሸንተረር መሆኑን ለይቶ የሚናገር የአካባቢው ሰው ያስፈልገዋል።

ሐ) ታሪኩ ሳይከፈል ይሰጥ። የአንቺምን ወረቀትና ቦምብ፣ የተከዜን መርዝ፣ የፀሐይን መሠራት፣ የዛሬውን ሥጋትና የዛሬውን ጥቅም አንድ ላይ ማስተማር ይገባል። መልካሙን ብቻ የሚነግር መምህር ልጆቹ ያዩትን ስለሚክድ አይታመንም፤ ክፉውን ብቻ የሚነግር ደግሞ ዕውቀቱን ለሌሎች አሳልፎ ይሰጣል።

መ) ጦርነት የነካቸውን ሕፃናት በተመለከተ መምህሩ ትምህርቱን በአይሮፕላኑ ድምፅ ወይም በጦርነት ምስል ባይጀምር ይመረጣል። በንቡ፣ በጥንብ አንሣውና በገዛ ቀበሌያቸው ፎቶግራፍ ይጀምር። መናገር የሚፈልግ ልጅ ይናገር፤ ዝም ማለት የሚፈልግም ዝም ይበል።

ሠ) ከላይ የማየት ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሥነ ዜጋ ትምህርት ውስጥ ቦታ ይሰጠው። የሰውን ግቢ ከአየር ለማየት ፈቃድ ማን ይሰጣል? ፎቶግራፉስ የት ይቀመጣል? ማን ያነበዋል? ልጆች እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜ መጠየቅ ይልመዱ።

መደምደሚያ

በ1922 ዓ.ም. በቤጌምድር ወታደር ላይ የተበተነው ወረቀት አንባቢ ይፈልግ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የተነሡት ፎቶግራፎች አንባቢ አጥተው ለብዙ ዘመን በመጋዘን ተቀመጡ። ዛሬ በየሰዓቱ በሺህ የሚቆጠር ምስል ማንሣት የሚችል፣ ከአንድ ኪሎ ግራም ያነሰ አይሮፕላን ተሠርቷል። ምስሉ በበዛ መጠን የአንባቢው እጥረት ይበልጥ ይታወቃል እንጂ አይጠፋም።

የአምባ ጊዮርጊስ፣ የዳባትና የደባርቅ ልጆች በሰማይ የሚሰማውን ድምፅ ሰምተው የሚሸሹ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ አንሻም። ሲያስፈልግ መሸሽ ብልህነት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል መሣሪያውን የሚሠራ፣ ያነሣውን የሚያነብ፣ ያላግባብ ሲውልም «ይህ አይገባም» ብሎ በማስረጃ የሚከራከር እንዲወጣ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው የመጀመሪያ ትምህርት ብዙ ወጪ የለበትም፤ አንድ ፎቶግራፍና ወረቀቱን ወደየት ማዞር እንዳለበት የሚያውቅ መምህር ይበቃዋል።